ልጁ ነጥቶ ደም ከታየበት፦ ቤት ውስጥ ምን እንይ፣ ሐኪም ቤት ምን እንበል

የእህቴ ልጅ ጥርሱን አልቦረሽም ብሎ ማልቀስ የጀመረ ሰሞን ማናችንም ልብ አላልነውም። 4 ዓመቱ ነበር። ልጅ ነው፣ ብሩሽ አይወድም አልን። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደረጃ መውጣት አቆመ። "እግሬን፣ እግሬን" ይላል፤ ሲያቆሙት ጉልበቱን አጥፎ ቁጭ ይላል። እህቴ ወድቆ ይሆናል ብላ ወጌሻ ዘንድ ልትወስደው ተነሳች። ከመሄዷ በፊት ግን ደወለችልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደረስኩ። መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩትና ከንፈሩን ገለጥ አደረግኩ። ድዱ አብጦ፣ እንደ ወይን ጠቁሮ፣ በጥርሶቹ መሀል ወጥቷል። በጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ደማ። መዳፉን ከኔ መዳፍ ጎን አስጠጋሁት። ነጥቷል። ቅልጥሙ ላይ ደግሞ በየፀጉሩ ሥር ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች አሉ።

ከወር በፊት አንድ ክሊኒክ "የደም ማነስ ነው" ብሎ የአይረን ሽሮፕ ሰጥቶት ነበር። ሽሮፑን አንድም ቀን አላቋረጠም። ምን እንደሚበላ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴ እቤታቸው ስሄድ ነጭ ማካሮኒ፣ ብስኩትና የፈላ ወተት ሲበላ እያየሁ አልፌዋለሁ። ብርቱካን አይነካም። ቲማቲም ያለበት ሳህን ይገፋል። የጎደለው ቫይታሚን ሲ ነበር። በሽታው ስከርቪ ይባላል።

እኔ ነርስ ነኝ። 19 ዓመት የልጆች ክፍል ሠርቻለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለማገኛት እናት ሁሉ የምነግራት አንድ ነገር አለ፤ እዚህም የምጽፈው እሱኑ ነው። የደም ማነስ ሁሉ የአይረን እጥረት አይደለም። የአይረን እጥረት ብቻውን ልጅን ያነጣዋል እንጂ አያደማውም። ነጣ ባለ ልጅ ላይ ደም ከታየ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ሰውነቱ ያለ ምክንያት ከበለዘ፣ ነገሩ የሽሮፕ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በዚያው ቀን መመርመር አለበት።

ይህን የምለው የነጣ ልጅ ማየት ስለለመድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች 57 ከመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሲበዛ ዓይን ይለምዳል። "ትንሽ ደም አንሶት ነው" ተብሎ ይታለፋል።

ቫይታሚን ሲጎድል ልጅ ለምን ይደማል?

ደም እንዳይፈስ የሚያደርጉ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቫይታሚን የሚያበላሸውም ሌላ ሌላውን ነው። ቢ-12 እና ፎሌት (እንክብሉ ፎሊክ አሲድ የሚባለው) የሚያስፈልጉት አጥንት ውስጥ ላለው መቅኔ ነው። ደም የሚሠራው እዚያ ነው። ሁለቱ ሲጎድሉ ቀይ የደም ሴል ብቻ ሳይሆን ነጩም፣ ፕሌትሌትም ይቀንሳል። ፕሌትሌት ማለት የደም ሥር ሲቀደድ መጀመሪያ ደርሶ ቀዳዳውን የሚደፍነው ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 መሆን አለበት። ወደ 20,000 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ደም በራሱ ጊዜ መፍሰስ ሊጀምር ይችላል።

ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ግን የፕሌትሌቱ ቁጥር ደህና ሊሆን ይችላል። የተበላሸው የደም ሥሩ ግድግዳ ነው። ግድግዳውን አጣብቆ የሚይዘው ኮላጅን ያለ ቫይታሚን ሲ አይሠራም። ስለዚህ ደሙ በድድ፣ በቆዳ፣ በአጥንት ሽፋን ሥር ያዣል። የእህቴ ልጅ እግሩን ያመመው ለዚህ ነው፤ ደሙ ከአጥንቱ ሽፋን ሥር ተቋጥሮ ነበር። ወጌሻ ያንን እግር ቢያሸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል።

ቫይታሚን ኬ ደግሞ ጉበት የደም ማርጊያዎችን የሚሠራበት ነው። ይህ የአራስ ሕፃን ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው እመጣበታለሁ።

እንዴት እንደምታዩ

በቀን ብርሃን እዩ። አምፖል የቆዳን መልክ ይቀይራል። ልብሱን አውልቁለት፤ ብርድ ከሆነ በየተራ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ መንጣትም ሆነ ነጥብ በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ መዳፉን፣ የእግሩን ውስጥ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን፣ የከንፈሩን ውስጥና ላንቃውን ነው የምታዩት። ለላንቃ የስልክ መብራት ይበቃል። መዳፉን ከራሳችሁ መዳፍ ጋር አስተያዩ። ጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ነጠብጣብ ካያችሁ ንጹሕ የሻይ ብርጭቆ ውሰዱና ጎኑን ነጥቡ ላይ ጫን አድርጉት። በብርጭቆው ውስጥ አሻግራችሁ ተመልከቱ። ቁንጫ ወይም ትንኝ የነከሰው ቅላት ሲጫኑት ይጠፋል። ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም አይጠፋም። "ቁንጫ ነው" ተብሎ ስንት ቀን ያለፈበት ልጅ አይቻለሁ፤ ብርጭቆው ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ነገር አደራ፤ የማይጠፋ ነጥብ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ስለ ቫይታሚን ማሰቡን ተዉትና ሩጡ። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን ማደር የለበትም።

የበለዘ ቦታ ሲታይ ደግሞ የትኛው ቦታ እንደሆነ ልብ በሉ። የሚሮጥ ልጅ ቅልጥሙ ላይ ቢበልዝ ልጅነት ነው። ጀርባው፣ ሆዱ፣ ክንዱ ውስጥ፣ ጆሮው አካባቢ ከበለዘ ግን ልጅ እዚያ ቦታ በራሱ አይጋጭም።

የቢ-12 እጥረት የራሱ ምልክቶች አሉት። ምላሱ ቀልቶ እንደ ተላጠ ልስልስ ይላል። የጣቶቹ አንጓ ላይ ቆዳው ይጠቁራል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ጠባዩ ሲቀየር ነው። ይቀመጥ የነበረ ሕፃን መቀመጥ ይተዋል፤ ይስቅ የነበረው አይስቅም፤ እጁ ወይም አገጩ ይንቀጠቀጣል።

አንዲት እናት የ9 ወር ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ አልከሳም፤ ጉንጩ ሙሉ ነው። ግን ዓይኑ ማንንም አይከተልም። "ሲስተርዬ፣ ድሮ እኮ ይስቅ ነበር" አለችኝ። ለሲቢሲ፣ የደም ሴሎችን ለሚቆጥረው ምርመራ፣ ደም ቀዳንለት። የቀዳንበትን ቦታ በጥጥ ይዤ አምስት ደቂቃ ቆየሁ። ጥጡን ሳነሳ አሁንም ይደማል። አዲስ ጥጥ አድርጌ እንደገና ያዝኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ውጤቱ ሲመጣ ሄሞግሎቢኑ፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ 4.8 ብቻ ነው፤ ፕሌትሌቱ 21 ሺህ።

ሐኪሙ እናትየውን ስለ ራሷ ምግብ ጠየቃት። ልጁ ከጡት ሌላ ምንም አይቀምስም። እሷ ደግሞ በእርግዝናዋም ከወለደች በኋላም ጾም አላጎደለችም። "ፍስክስ ሲሆን?" አላት። አንገቷን ደፋች። "ጌታዬ፣ ስጋ ቤታችን የሚገባው ለፋሲካ ነው" አለች። ወተትም፣ እንቁላልም የሚሸጡ ነገሮች እንጂ የሚበሉ አልነበሩም።

ቢ-12 ያለው ከእንስሳ በሚገኝ ምግብ ውስጥ ብቻ ነው፦ ስጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ሌላ ብዙ በረከት አላቸው፤ ቢ-12 ግን የላቸውም። ስለ ቦካ እንጀራም ይጠይቁኛል፤ እሱም አይተካውም። እናት ከሌላት ወተቷ ውስጥ አይኖርም። ወተቷ ከሌለው ልጁ ከተወለደ ጥቂት ወራት ቆይቶ የያዘው ስንቅ ያልቅበታል። በእርግዝና ክትትል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው እንክብልም አይረንና ፎሊክ አሲድ ነው፤ ቢ-12 የሌለበት አለ። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ "ይሄ መድኃኒት ቢ-12 አለው?"

ጾምን የማነሳው ለመውቀስ አይደለም። እኔም ጿሚ ነኝ። ግን ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር። ሁኔታዋን ስትነግራቸው የሚያዝኑላትና የሚፈቅዱላት ብዙ አባቶች አውቃለሁ። ጾሙን የምትቀጥል ከሆነ ደግሞ ለሐኪሟ ትንገርና የቢ-12 እንክብል ይታዘዝላት።

ያ ሕፃን ቢ-12 በመርፌ ተጀመረለት። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙቀት ልለካ ስጠጋ ዓይኑ ተከተለኝ። እናቱን ጠራኋት። ሁለታችንም አለቀስን።

ስለ ፎሌት ብዙ አልልም፤ አብዛኛው ልጅ ጎመንና ምስር ሲበላ ያገኘዋል። የማሳስበው ስለ ፍየል ወተት ነው። ቆላ አካባቢ የፍየል ወተት የሕፃን ዋና ምግብ የሚሆንበት ቤት አለ፤ ከተማም ውስጥ "መድኃኒት ነው" ብለው ፈልገው የሚያጠጡ አሉ። የፍየል ወተት ውስጥ ያለው ፎሌት በጣም ጥቂት ነው። በእሱ ብቻ ያደገ ሕፃን ደም ያንሰዋል፣ ፕሌትሌቱም ሊወርድ ይችላል። ወባ ደጋግሞ የሚይዘው ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅም ፎሌት ሊያልቅበት ይችላል። ግን ከፋርማሲ ፎሊክ አሲድ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ። የጎደለው ቢ-12 ከሆነ ፎሊክ አሲድ ደሙን ያሻሽልና ነርቩ በስውር መጎዳቱን ይቀጥላል። ደሙ ተስተካክሎ ልጁ ግን መቀመጥ ሲያቅተው ይገኛል።

ቫይታሚን ሲ የሚጎድለው ድሃ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያ፣ በሱዳንና በእኛም አገር የስደተኛ ካምፖች ስከርቪ የታየው ራሽኑ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ብቻ ስለነበር ነው። ዛሬ ደግሞ ፍሪጁ በሞላ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ምግብ ብቻ በሚበላ ልጅ ላይ ይመጣል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ምግብ በጣም ስለሚመርጡ በተለይ እነሱን ተከታተሏቸው። አንድም ጥሬ ፍራፍሬና አትክልት ሳይነካ ከ1 እስከ 3 ወር የቆየ ልጅ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። መጀመሪያ ነጭናጫ ይሆናል፣ ይደክመዋል፣ እግሩን ያመዋል። ድዱ የሚደማው ቆይቶ ነው፤ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ላይ ደግሞ ድድ ላይታይ ይችላል።

ደም ሲፈስ እስከ ሐኪም ቤት

ነስር ከሆነ ልጁን ቁጭ አድርጉት። ጭንቅላቱን ወደ ፊት ዘንበል ያድርግ። ወደ ኋላ ማንጋለል ልማዳችን ነው፤ ግን ደሙን ያስውጠዋል፣ ያስታውከዋል፣ ምን ያህል እንደፈሰሰም አይታወቅም። የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን፣ በሁለት ጣት ጨምቃችሁ 10 ደቂቃ ያዙ። በአፉ ይተንፍስ። በየደቂቃው እየለቀቃችሁ "ቆመ ወይ?" ብላችሁ አትዩ፤ መርጋት የጀመረውን ትነቅሉታላችሁ። ሰዓት ተመልከቱ። ጨንቆት ለተቀመጠ ሰው 10 ደቂቃ ረጅም ነው።

የተቆረጠ ቦታም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ሳታነሱ ጫኑት። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ከላይ ጨምሩ እንጂ የታችኛውን አትላጡት። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ቅጠል አታድርጉበት። ቡና ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ በኋላ ግን ቁስሉን ስናጥብ የምናወጣው እሱኑ ነው። በተለይ ነጭ የደም ሴሉም ባነሰበት ልጅ ላይ ትንሽ ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል።

ድዱ ሲደማ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ፋሻ ጠቅልላችሁ ጫን አድርጋችሁ ያዙለት። ብሩሹን ለጊዜው ተዉት፤ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ጥርሱን ጥረጉለት። ቆሎና ደረቅ ዳቦ አትስጡት።

ካመመው ወይም ካተኮሰው በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ አትስጡ፤ የፕሌትሌትን ሥራ ያዳክማሉ። ሠፈር ውስጥ መርፌ አታስወጉት። እሽት ይቅርበት። ጥርስ ማስነቀል፣ ግርዛት፣ እንጥል ማስቆረጥ በጭራሽ አይሆንም። እንጥል ማስቆረጥ ጤነኛም ልጅ ላይ መቅረት ያለበት ነገር ነው። ደሙ በማይረጋ ልጅ ላይ ሲሆን ግን በአንድ ሌሊት ይገድላል፤ ከጉሮሮ የሚፈሰውን ልጁ ስለሚውጠው ቤተሰቡ ደም አያይም።

አሁን የምጠቅሳቸውን ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። የማይቆም ነስር። ሬንጅ የመሰለ፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ጥቁር ሰገራ፤ የአይረን ሽሮፕም ሰገራ ያጠቁራል፣ እሱ ግን እንደ ሬንጅ አያጣብቅም፣ የተለየ ክርፋትም የለውም። የቡና አተላ የመሰለ ትውከት። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ፣ ደህና ቢመስልም። ራሱን አጥብቆ ካመመው፣ ካንቀላፋ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ዓይኑ የሚያይበት ሁኔታ ከተቀየረ። እያለከለከ መጥባት ወይም መብላት ካቃተው። መኪና ከሌለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የአራሱ መርፌ

ሕፃን ሲወለድ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ በጣም ጥቂት ነው። የጡት ወተትም ከሌሎች በረከቶቹ ጋር ይህን ቫይታሚን በጥቂቱ ነው የያዘው። ስለዚህ እንደተወለደ ጭኑ ላይ አንድ መርፌ ይወጋል፤ ለጊዜው የደረሰ ሕፃን 1 ሚሊግራም ነው። ጡት ማጥባቱ አይቀየርም። መርፌው ያንን ክፍተት ብቻ ነው የሚሞላው።

ያልተወጋ ሕፃን በመጀመሪያው ሳምንት ከእትብቱ፣ ከአፍንጫው፣ ከአንጀቱ ሊደማ ይችላል። 8ኛው ቀን ላይ እቤት የሚደረግ ግርዛት እዚህ ላይ ሲጨመር አስቡት። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ከ2 ሳምንት እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም እስከ 6 ወር ድረስ፣ ደህና ሲጠባ የቆየ ሕፃን በድንገት ይነጣል፣ ያስታውካል፣ በቀጭን ድምፅ ያለቅሳል፣ እርግብግቢቱ ይወጠራል። ደሙ የፈሰሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይኖራል፤ ትንሽ ነስር፣ ከእትብቱ ጥቂት ደም፣ አንድ የበለዘ ቦታ። የ5 ሳምንት ሕፃን አፍንጫው ሲደማ "ሙቀት ነው" አትበሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 48 ከመቶ ነበሩ። የቀሩት ሕፃናት ብዙዎቹ ይህን መርፌ አላገኙም ማለት ነው። እቤት የወለደች ጎረቤት ካለቻችሁ በዚያው ቀን ሕፃኑን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጤና ተቋም የወለዳችሁም "ቫይታሚን ኬ ተወግቷል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ካርዱ ላይ ይጻፍ። እናት በእርግዝናዋ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ስትወስድ ከነበረ ከመውለዷ በፊት ትንገራቸው፤ ሕፃኑ በመጀመሪያው ቀን ሊደማ ይችላል። ቢጫነቱ 2 ሳምንት አልፎት ሰገራው ነጭ የሆነ ሕፃንም ሐሞቱ ተዘግቶ ቫይታሚን ኬ የማያገኝ ሊሆን ስለሚችል መዋል የለበትም።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ

ተራ ስትጠብቁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ያለፉትን 3 ቀናት ልጁ የበላውን በሙሉ፣ አንድ ጉርሻም ቢሆን። የሚጠባ ከሆነ እናት የምትበላውንም። የት ተወለደ፣ መርፌ አግኝቷል ወይ። ምን መድኃኒት፣ ምን የባሕል መድኃኒት ወስዷል። መጀመሪያ የደማው መቼ ነው። መቀመጥ፣ መዳህ፣ መራመድ ያቆመው ነገር አለ ወይ። ከቤተሰብ ቶሎ የማይረጋ ደም ያለው ሰው አለ ወይ። "ምግቡ ደህና ነው" ማለት ለሐኪም ምንም አይነግረውም። "ማካሮኒና ብስኩት" ማለት ግን ግማሽ ምርመራ ነው።

መጀመሪያ የሚታዘዘው ሲቢሲ ነው። ውጤቱን ስትቀበሉ ሄሞግሎቢኑን ብቻ ሰምታችሁ አትውጡ። "ፕሌትሌቱ ስንት ነው? ነጩስ?" በሉ። ኤምሲቪ የሚባለው የቀይ ሴሉን መጠን ይነግራል፤ በቢ-12 እና በፎሌት እጥረት ሴሉ ይተልቃል። አይረንም አብሮ ከጎደለ ግን መካከለኛ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ለዚህ ነው ደሙ በማይክሮስኮፕ መታየት ያለበት፤ ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ ይሉታል። የቢ-12 መጠን የሚለካ ከሆነ መርፌው ከመጀመሩ በፊት ይቀዳ። ለአራስ ደግሞ የደም መርጋትን የሚለካው ፒቲ የሚባለው ምርመራ ነው።

ሐኪሙ መቅኔ ይቀዳ ካለ አትሽሹ። ነጥቶ የሚደማ ልጅ የደም ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ከመተማ ወይም ከሁመራ አካባቢ የመጣ ልጅ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ፣ ሊሆን ይችላል። የቫይታሚን እጥረት እነዚህን በጣም ይመስላል፤ እነዚህም እሱን ይመስላሉ። እቤት ቁጭ ብሎ ቫይታሚን እየሰጡ መሞከር የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሕክምናው ሲጀመር

ስከርቪ ላይ ለውጡ ያስደንቃል። ሕመሙ በአንድ ሁለት ቀን ይቀልላል፣ ድዱ በቀናት ውስጥ መድማቱን ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም 12 የታመሙ መርከበኞችን ለሁለት ለሁለት ከፍሎ የተለያየ ነገር ሲሰጣቸው በሳምንት ጊዜ ውስጥ ጎልቶ የተሻላቸው ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ። የእህቴም ልጅ በሳምንቱ ግድግዳ ይዞ ቆመ።

በቢ-12 ላይ ደሙ ቶሎ ይነሳል፤ ፕሌትሌቱ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከፍ ሲል ታያላችሁ። ፕሌትሌቱ በጣም ዝቅ ያለ ልጅ ላይ መርፌው ጡንቻ ላይ ሳይሆን ከቆዳ ሥር ሊሰጥ ይችላል፤ ከተወጋ በኋላ ቦታውን ጫን አድርጋችሁ ቆዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖታሲየም ሊወርድ ስለሚችል በጣም የታመመ ልጅ ተኝቶ ነው የሚታከመው፤ "ተሽሎታል" ብላችሁ ለመውጣት አትቸኩሉ። አንዳንድ ሕፃን ደግሞ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ መንቀጥቀጥ ያሳያል። ያስደነግጣል፤ ንገሩን፣ እንከታተለዋለን፣ ብዙ ጊዜ ይተዋል። አእምሮና ነርቭ ግን ከደም ይልቅ ቀስ ይላሉ። ሳይዘገይ የመጣ ልጅ የተሻለ ያገግማል። እናትየዋም አብራ መታከም አለባት፤ አለበለዚያ ወተቷ እንደገና ባዶ ይሆናል።

እቤት ስትመለሱ

ምግቡ ውድ መሆን የለበትም። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይበቃዋል፤ አንድ መካከለኛ ብርቱካን ወደ 70 አለው። አንድ ዘይቱን (ጉዋቫ) ከዚያ ይበልጣል። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ቲማቲም ሁሉም ይሆናሉ። ቫይታሚን ሲ ሙቀት ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ጎመኑን ብዙ አታንተክትኩት፣ ሎሚውን ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ጭመቁበት። ሎሚው ምስሩ ውስጥ ያለው አይረን እንዲገባም ያግዛል። ሻይ ግን ከምግብ ጋር አይሁን፤ አይረኑን ይይዝበታል። ዳቦ በሻይ የልጅ ቁርስ ሆኖ ማየት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ለቢ-12 በቀን አንድ እንቁላል ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት ለትንሽ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ከ6 ወር ጀምሮ የእንቁላል አስኳል ገንፎው ውስጥ ጨምሩለት። ጉበት በጣም ጠቃሚ ነው፤ በደንብ በስሎ፣ በሳምንት አንዴ፣ በትንሹ፤ ቫይታሚን ኤው ብዙ ስለሆነ ከዚያ አይብዛ። ዓመት ያልሞላውን ልጅ በላም ወተት ብቻ አታሳድጉት፤ አይረኑ ጥቂት ነው፣ አንጀቱንም በማይታይ መጠን ሊያደማ ይችላል።

የቀጠሮ ካርዱን በር ላይ ለጥፉት። ልጁ ጉንጩ ሲቀላ እናቶች ቀጠሮ ይተዋሉ። እህቴም ልትተው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሲቢሲው ሲደገም ግን አይረኑም ጎድሎ ተገኘና አብሮ ታከመ።

ማካሮኒውን እስካሁን አልተወም። ጥሬ ቲማቲም ፈጭታ፣ ካወረደችው በኋላ ትቀላቅልበታለች። መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ነበር፤ አሁን ሳህኑ ቀይ ሆኗል። ዘይቱንም ራሱ እየጠየቀ ይበላል፤ ፍሬውን እየተፋ።